ዳቦ ጋጋሪው አማቴና የልጄ አንጀት

አማቴን አልወደውም። ይህን መጀመሪያ ተናግሬ ልገላገል፤ ኋላ "ለካ ቂም ይዛ ኖሯል" ብሎ የሚታዘበኝ እንዳይኖር። አዎ፣ ቂም ይዣለሁ። ፊቱ ስቆም "እርስዎ" እለዋለሁ፣ "አባባ" እለዋለሁ፣ ሲገባ ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን "እሱ" ነው። እዚህ ብድግ አልልለትም።

ሰፈሩ የሚያውቀው ጋሽ ቡኮ በሚል ቅጽል ነው። ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ አባቱም ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ፊደል ቆጥሮ ሳይጨርስ ሊጥ የሚቦካበት የእንጨት ገንዳ አጠገብ ቆመ፣ ይኸው ዕድሜው ስልሳ ሦስት ሞላ፣ ከዚያ ገንዳ ፈቀቅ አላለም። አጭር ነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ እግሩ ግን ቀጭን፤ ከላይ የአንድ ሰው፣ ከታች የሌላ ሰው ይመስላል። ሊጡ መድረሱን የሚያውቀው በጆሮው ነው። በጥፊ ይመታውና ጎንበስ ብሎ ያዳምጠዋል። "ገና ነው፣ ያኮርፋል" ይላል። ሰው ሲያናግረው እንዲህ ጎንበስ ብሎ አድምጦ አያውቅም።

እኔ ወደዚያ ዳቦ ቤት የገባሁት ተቀጥሬ ነው። መሸጫው መስኮት ላይ ቆሜ ዳቦ አቀብላለሁ። በሁለተኛው ዓመት ልጁን አገባሁ። ባሌ ዳቦውን በመኪና ለየሱቁ የሚያደርስ፣ መንገድ ላይ የሚዘፍን፣ አባቱ ፊት ሲቆም ግን ድምፁ የሚጠፋ ሰው ነው። ከሠርጉ በፊት አማቴ ጠራኝና በርጩማ ላይ አስቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"በዘራችሁ በሽታ አለ?"

"እኔ እስከማውቀው የለም፣ አባባ። አያቴ ትንሽ ደም ግፊት..."

"ደም ግፊት!" አለና ወደ ልጁ ዞረ። "ሰማህ? በእኛ ዘር ራስ ምታት እንኳ የለም።"

ያን ቀን ስቄ አለፍኩት። ሞኝ ነበርኩ።

ራስ ምታት የሌለበት ዘር ሆዱን እንዴት እንደሚያደርገው ግን ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል። ምሳ ላይ አንድ ሙሉ ዳቦ ብቻውን ይገምጣል። ሰዓት ሳይሞላ ፊቱ አመድ ይመስላል፣ ሆዱን በክርኑ ደግፎ ወደ ጓሮ ይወጣል፣ እዚያው ይቆያል። "ጋሽ ቡኮ ስብሰባ ገቡ" ይባባላሉ ጋጋሪዎቹ። ስብሰባው በቀን ሦስት ጊዜ ነበር። ሲመለስ ጥፋተኛው ዘይቱ ነው፣ ወይም ብርዱ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እኔ ነኝ። "ምራቴ የሠራችው ምሳ መቼ ይረጋል!" ይላል፣ ደንበኛ እየሰማ። ጥርሴን ነክሼ ዳቦ አቀብላለሁ።

ልጄ ስትወለድ ሦስት ኪሎ ተኩል ነበረች። እናቴ አቅፋት "ድንጋይ ናት" አለች። ሰባት ወር ሲሞላት አማቴ ማንንም ሳይጠይቅ ጭኑ ላይ አስቀመጣትና የዳቦ ልብ በወተት አርሶ በጣቱ አጎረሳት። "የዳቦ ጋጋሪ ልጅ በዳቦ ነው የምታድገው" አለ። ፍርፋሪ ብሎ የሰየማትም ያን ዕለት ነው። እሷም ጣቱን ይዛ አልለቅም አለች። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሆነ።

ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ማደጓን አቆመች። ሆዷ ተነፋ፣ እግሯ ቀጠነ፣ መቀመጫዋ ላይ ያለው ቆዳ እንደ ባዶ ከረጢት ተንጠለጠለ። የምታስቀምጠው ነጣ ያለ፣ ቅባት ያለው፣ ክፍሉን የሚያስለቅቅ ነበር። ስቃ የማትጠግብ ልጅ ቀኑን ሙሉ የምትነጫነጭ ሆነች። ሦስት ጊዜ የትል መድኃኒት ሰጡን። አንዱ ወተት ከለከለ፣ ሌላው እንቁላል። አንዱ ደግሞ "እናትየዋ ንጽሕና አትጠብቅም" ብሎ ጽፎ አሰናበተን። ዳቦ የከለከለ ማንም የለም። እንዲያውም ሆዷ ሲብስባት ሁሉም የሚያዝዙት አንድ ነበር፦ ደረቅ ዳቦ ስጧት። እኛ ቤት ደግሞ ዳቦ ሞልቷል።

አማቴ ፍርዱን የሰጠው ሐኪሞቹ ሳይሰጡ ነው። መስኮቱ ጋ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "የእናቷ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል" አለ። አንዲት ደንበኛ አንገቷን ሰብራ ዳቦዋን ተቀበለችኝ። እኔ ምን መለስኩ? መልሷን ሰጥቼ "ቀጣይ" አልኩ።

ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል ወደ ሕፃናት ሐኪም ተላክን። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ክፍሏ ጠባብ፣ ግድግዳው ላይ የቁመት መለኪያ፣ ጠረጴዛው ላይ ሚዛን። ልጄን አስቀምጣ ዘጠኝ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ብላ ጻፈች። ከዚያ ብዕሯን አቁማ ጠየቀች፦

"ከቤተሰብ ውስጥ በልጅነቱ እንዲህ የሆነ አለ? ወይም ሁልጊዜ ሆዱን የሚያመው?"

አማቴ አብሮን መጥቶ ነበር፤ ሕፃኗን እኔ ልሸከም ብሎ። እኔ አፌን ሳልከፍት መለሰ፦ "የለም። በእኛ ዘር ራስ ምታት እንኳ የለም።"

ባሌን አየሁት። ባሌ ወለሉን አየ። ዶክተሯ "የለም" ብላ ጻፈች። እሷም ሌላ ነገር መፈለግ ጀመረች፤ ሳንባ ታየ፣ ኩላሊት ታየ፣ ወረፋ ተጠበቀ። በዚያች "የለም" በምትባል ቃል አንድ ዓመት ሄደብን። ልጄ ያንን ዓመት ሙሉ ዳቦ በላች።

እውነቱን ያወጣችው የአማቴ ታላቅ እህት ናት። ከሌላ ከተማ ልትጠይቀን መጣች። እኔ ልጄን በሳፋ እያጠብኩ ሳለሁ በር ላይ ቆማ አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

"ውይ! ቁርጥ እሷን!"

"ማንን ነው፣ እትዬ?"

"ታናሻችንን ነዋ። አምስት ዓመቷ ላይ የሞተችብንን። ሆዷ ከበሮ፣ እግሯ እንጨት። እናታችን 'ምግብ አይረጋላትም' ትል ነበር።"

ሳሙናውን አስቀመጥኩ። "አባባ ያውቃሉ?"

"ምን አያውቅም! እሱ አልነበር እንዴ ከአባታችን ተደብቆ ትኩስ ዳቦ እያመጣ የሚያጎርሳት? 'ትጠንክር' እያለ። ስትሞት ሳምንት ሙሉ አልተናገረም። እሱ ራሱስ ቢሆን ሆዱን ታቅፎ አይደል ያደገው?"

ይህን ስትሰሚ ልታዝኚለት ይገባ ነበር የሚለኝ አይጠፋም። አላዘንኩም። ደሜ ፈላ። ልጄን በፎጣ ጠቅልዬ ቁጭ አልኩና አንድ ዓመት ቆጠርኩ፤ ወር በወር።

በማግስቱ ዶክተሯ ዘንድ ሄጄ ነገርኳት። ከመቀመጫዋ ተነሣች፣ ደም አዘዘች፣ ቆይቶም ቀጭን ቱቦ አስገብተው ከአንጀቷ ቁራጭ ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ ባሌና እኔ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

"ስንዴ ነው" አለች። "ስንዴ፣ ገብስ፣ ከእነሱም የሚሠራ ሁሉ። ሰውነቷ ስንዴውን እንደ ጠላት ይቆጥረውና ሊዋጋው ሲነሣ የገዛ አንጀቷን ነው የሚደበድበው። ምግብ የሚመጥጠው የአንጀቷ ሽፋን ተልጧል። ብትበላም አይደርሳትም።"

"ከእኔ ነው የመጣው?" አለ ባሌ። ድምፁ ዛሬም የለም።

"ከቤተሰብ የሚወረስ ጂን አለ። ግን ጂኑ ብቻውን አያሳምምም፣ ስንዴውም ብቻውን አያሳምምም። ጭድና ክብሪት በሉት። ጭዱ ይወረሳል፤ ጭድ ያለበት ቤት ሁሉ ግን አይቃጠልም፣ ብዙ ሰው ተሸክሞት በሰላም ይኖራል። የማንኛው ቤት እንደሚቃጠል አስቀድመን አናውቅም። የሷ ተቃጥሏል። ጭዱን ማውጣት አንችልም። ክብሪቱን ግን እናንተ መያዝ ትችላላችሁ። ፍርፋሪ እንኳ አይነካት። የስንዴ ዱቄት ያለበት እጅ አይንካት።"

እኛ የምንኖረው ከዳቦ ቤቱ በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወርጄ አገኘሁት። ገንዳውን በብረት እየፋቀ ነበር።

"ታናሽ እህት ነበረችዎት" አልኩት።

እጁ ቆመ። "ማን ነገረሽ?"

"ለምን ዋሹ?"

"አልዋሸሁም! የጠየቀችው ስለ በሽታ ነው። ያቺ ልጅ ዕድሜዋ አጠረ፣ ሞተች፣ አለቀ። የሞተ ሰው አይነሣም።"

"በስንዴ ነው የሞተችው። ልጄም እየሞተች ያለችው በስንዴ ነው።"

"ስንዴ?" ብረቱን ወረወረው። "ስንዴ ሰው ገድሎ ያውቃል? ሰው ስንዴ ሲያጣ ነው የሚሞተው! ሙሽራ፣ እኔ ይህን ሰፈር አርባ ዓመት አብልቻለሁ፤ ማን ሞተ? እስቲ አንድ ሰው ጥሪልኝ!"

ከሠርጉ ጀምሮ ሙሽራ ነው የሚለኝ። ተጠጋሁትና ቀስ ብዬ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያጣጣምኩ፣ "ዘር ከልጓም ይስባል፣ አባባ" አልኩት። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። በአራተኛው ቀን ከታች ጠራኝ። "ስንዴ ካልሆነ ምን ትብላ አለች?" ብሎ ጠየቀ፣ ፊቱን አዙሮ። በቆሎ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ሥጋ፣ አትክልት አልኩት። "እንግዲያው የበቆሎ ዱቄት አምጪ። ፍርፋሪ ያለ ዳቦ አታድርም።"

ልከለክለው ፈለግሁ። ልጄ ግን ዳቦ ካጣች ጀምሮ ሌላ ነገር አልቀምስም ብላ ነበር። ዶክተሯን ጠየቅኋት፤ ዕቃው አዲስ ከሆነና ስንዴ ካልነካው ይቻላል አለች። ስለዚህ ያልተከፈተ የበቆሎ ዱቄት ገዛሁ። እሱም አዲስ ሰሃን፣ አዲስ መጋገሪያ ቆርቆሮ፣ አዲስ ማማሰያ ገዛ። ዳቦ ቤቱ የሚዘጋበት ቀን ማለዳ ክፍሉን አጠበ፣ ምድጃውን ወለወለ፣ እስከ ክርኑ ታጠበ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። እኔ እጄን አጣምሬ እንደ ወህኒ ጠባቂ ከራሱ በላይ ቆምኩ። ዓይኔን አልነቀልኩም። ዱቄቱን ከእሽጉ ቀድጄ ራሴ ገለበጥኩለት። ውኃ ጨመረ። ጨው፣ ትንሽ ዘይት፣ ከማሰሮው አንድ እፍኝ እርሾ፣ ከዚያ ማሸት። ስንዴ አላየሁም። የበቆሎ ሊጥ አይለጠጥም፣ ይሰበራል፤ "ይህ ሊጥ ነው ወይስ አሸዋ?" እያለ ተሳደበ። በመጨረሻ ግን ቢጫ፣ ጉብ ያለ፣ ሽታው የሚያስጎመጅ ዳቦ አወጣ። ልጄ ሁለት ቁራጭ በላች። እሱ ቆሞ እያየ ነበር፤ እኔም እሱን እያየሁ ነበር።

በሳምንት ሁለቴ ይጋግርላት ጀመር። ሁልጊዜ ያው መታጠብ፣ ያው ንጹሕ ሸሚዝ። መጀመሪያ ላይ የተሻላት መሰለን፤ ሆዷ ትንሽ ጎደለ፣ አንድ ቀን ሳቀች። ከዚያ ቆመ። በሦስተኛው ወር ሚዛን ላይ ስትወጣ የጨመረችው ሁለት መቶ ግራም ነው። የደሟም ውጤት እምብዛም አልወረደም።

ዶክተሯ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። "ስንዴ እያገኘች ነው" አለች።

"አታገኝም!"

"ካላገኘች ነገሩ ከባድ ነው። ለብዙ ወራት የሚወሰድ ኃይለኛ መድኃኒት አለ፤ ሰውነቷን ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ ዕድገቷንም ይጎትታል። አስተኝተን እንጀምርላታለን። አራት ዓመቷ ነው፣ አሥር ኪሎ አልሞላችም። ብዙ መጠበቅ አንችልም። ከዚያ በፊት ግን ቤታችሁን ፈትሹ። አንድ ሰው እየሰጣት ነው።"

አንድ ሰው! ሌላ ማን አለ? ከሆስፒታል በቀጥታ ዳቦ ቤት ገባሁ። የጠዋቱ ሽያጭ አላለቀም፣ መስኮቱ ላይ ሰው አለ። ምስማር ላይ የተሰቀለውን ካፖርቱን አወረድኩና ኪሱን ገለበጥኩ። ግማሽ ደረቅ ዳቦ ወደቀ።

"ይህስ?"

"የእኔ ነው! የምበላው ነው!"

"ተደብቀው ነው የሚያጎርሷት!"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው! በሟች ሚስቴ አፈር!" እጁ ሊጥ ውስጥ እስከ አንጓው ነበር። "እኔ ፍርፋሪን ስንዴ አስነክቼ ከሆነ እጄ ይቆረጥ!"

"ውሸታም!" አልኩት። አንቱታው ከየት ይምጣ። "እህትህን አብልተህ ገደልክ፣ አሁን ደግሞ ልጄን!"

ጋጋሪዎቹ ሥራ አቆሙ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ቅርጫቷን ደረቷ ላይ ይዛ ቀረች። አማቴ እጁን ከሊጡ መዝዞ አወጣ። ከዚያ፦

"ከቤቴ ውጪ።"

"እወጣለሁ! ማን ይቀመጥልሃል!"

በዚያው ቀን ልጄን ይዤ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ካለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ባሌ በመሐል ይመላለሳል። የሚገርመው፣ አማቴ የበቆሎውን ዳቦ መላክ አልተወም፤ ባሌ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣዋል። እኔም መቀበሌን አልተውኩም። ዳቦውን ምን በወጣው? ሲጋገር ቆሜ አይቻለሁ። የቆሸሸው እሱ ነው እንጂ ዳቦው ንጹሕ ነው። በራሴ ቢላ ቆርጬ፣ ከራሴ ሰሃን፣ በራሴ እጅ አጎረስኳት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዶክተሯ ሁላችንንም ጠራችን፤ ከመተኛቷ በፊት የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ ብላ። እኔና ባሌ በአንድ በኩል፣ አማቴ በሌላ በኩል ተቀመጥን። ልጄ እኔ ጭን ላይ ናት። ወደ አያቷ እጇን ስትዘረጋ እጇን መለስኩት።

"አንድ ሰው ይወቀስ ብዬ አይደለም" አለች ዶክተሯ። "ከጠዋት እስከ ማታ አፏ የሚገባውን ሁሉ ንገሩኝ።" ነገርኳት። ሩዝ፣ ድንች፣ ወተት፣ የበቆሎ ዳቦ። "ዳቦው እንዴት ይሠራል?" አለች።

"እሱን እኔ ልናገር" አለ አማቴ። ስለ ዳቦ ሲጠየቅ ወገቡ ይቃናል። "ያልተከፈተ የበቆሎ ዱቄት። የፈላ ውኃ በርዶ። ጨው። ዘይት። እርሾ።"

"የፋብሪካ እርሾ ነው?"

"የፋብሪካ!" አለ፣ እንደተናቀ ሰው። "የፋብሪካ እርሾ ዳቦ አይሠራም፣ አረፋ ነው የሚሠራ። የእኔ እርሾ የአባቴ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ አንድ ቀን አልሞተም። በየዕለቱ እመግበዋለሁ።"

"በምን ነው የሚመግቡት?"

"በስንዴ ነዋ! በምን ልመግ..."

አልጨረሰውም። ከኮሪደሩ የተሽከርካሪ አልጋ ጎማ ሲጮኽ ይሰማል። ዶክተሯ ብዕሯን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

እሱ ለሃምሳ ዓመት እርሾን ከስንዴ ጋር አንድ ቀን አንድ አድርጎ አስቦት አያውቅም። ለሱ ስንዴ በጆንያ የሚመጣ ነገር ነው፤ እርሾ ግን እርሾ ነው፤ የቤቱ ነው፣ ከአባት የተረከበው ነው። ይህን ስሕተት የሚሳሳት ዳቦ ጋጋሪ ብቻ ነው። ዳቦ ጋጋሪና፣ ሰባት ዓመት ዳቦ ቤት የሠራች ምራቱ። ያን ማሰሮ ስንት ጊዜ ነው ራሴ ክዳኑን የከፈትኩት? ስንት ማለዳ ነው እሱ ሲያመው እኔ ከጆንያው አንድ ጣሳ ስንዴ ዘግኜ የመገብኩት? ከራሱ በላይ ቆሜ፣ ዓይኔን ሳልነቅል፣ እፍኙን እርሾ ሲጨምር አይቻለሁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

"ማንም አልነገረኝም" አለ አማቴ። ተነሣ፣ ባርኔጣውን አደረገ፣ ወጣ። ይቅርታ አላለም። እኔም ውሸታም ስላልኩት፣ ስለ እህቱም ስላልኩት፣ ይቅርታ አላልኩም። ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር "አንቺም" ይላል፤ ቶሎ ብዬ አፈንኩት። ከራስ ጋር ከመጣላት ከአማት ጋር መጣላት ይቀላል።

እርሾው ከቀረ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። መድኃኒቱ ቀረ፣ መተኛቱ ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት ልጄ በጠዋት ተነሥታ "ራበኝ" አለች፤ ያንን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም ነበር። በስድስት ወር ሁለት ኪሎ ተኩል ጨመረች። ጫማዋ ጠበባት። ደረጃ እየዘለለች ትወርዳለች፣ ጎረቤት ትሰድባለች፣ እንደ ልጅ ታጠፋለች። ማታ ስታጠብ የሞላ ጭኗን ቆንጥጬ እስቃለሁ።

ዶክተሯ ባሌንም አማቴንም ደም አስወሰደቻቸው። ባሌ ጭዱ አለው፣ እሳቱ አልተነሣበትም፤ በየጊዜው ይታያል። አማቴ ግን ሙሉ በሙሉ አለበት። ስልሳ ዓመት ሲቃጠል የኖረ አንጀት ነው አለች። "ዳቦ ጋጋሪ ዳቦውን ካልበላ ማን ይገዛዋል?" ብሎ ተቆጥቶ ወጣ አሉ። ባሌ እንደነገረኝ ከሆነ ግን ማንም በማያየው ሰዓት ከጆንያዎቹ ጀርባ ተቀምጦ የተቀቀለ ድንች ይበላል፤ እንደ ሌባ፣ ግራ ቀኝ እያየ። ስብሰባውም ቀርቷል። "አባዬ ወፈረ" አለኝ ባሌ፣ ደስ ብሎት። እኔ ድስቱን ማጠቤን ቀጠልኩ።

ስምንት ወር ሙሉ ልጄን አላሳየሁትም። ምክንያት ነበረኝ፤ ዱቄት። ዶክተሯ የስንዴ ዱቄት ያለበት እጅ አይንካት ብላለች፣ እሱ ደግሞ ዱቄት ማለት ነው። ባሌ በለመነኝ ቁጥር ይህንኑ እደግምለታለሁ። ባሌ ራሱ ዳቦ አራግፎ ሲመጣ በር ላይ ልብሱን ቀይሮ፣ ታጥቦ እንደሚያቅፋት ግን ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ አያነሣውም፣ እኔም አላነሣውም።

ባለፈው ሳምንት፣ ዳቦ ቤቱ በሚዘጋበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። አማቴ ነው። ሦስት ፎቅ ወጥቶ ትንፋሹ አጥሮታል። ለልጁ ሠርግ ብቻ የለበሰውን ኮት ለብሷል፣ የሸሚዙ አንገት ተቆልፏል፣ ፀጉሩ ገና አልደረቀም። ባዶ እጁን ነው የመጣው፤ እጁን ከፊቱ ዘርግቶ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ያሳየኛል።

"ታጥቤያለሁ፣ ሙሽራ" አለ። "ሁለቴ ነው የታጠብኩት። ኮቱ ዳቦ ቤት ገብቶ አያውቅም። ልሳማት?"

ከኋላዬ ልጄ ድምፁን ሰማች። "አባባ!" ብላ ሮጠች። በክንዴ በሩን ዘጋሁባት፤ ክንዴ ላይ ተንጠለጠለች።

መዳፉን አየሁ። ጥፍሩን አየሁ፣ ከሥሩ ድረስ ተፍቋል፣ አንዱ ጣቱ ደምቷል። ጆሮውን፣ የኮቱን እጅጌ፣ የጫማውን ክር አየሁ። ምንም የለም። ሰባት ዓመት ዱቄት መሐል ሠርቻለሁ፣ ብናኙን ከሩቅ አውቀዋለሁ። ምንም አልነበረበትም።

"ዱቄት አለብዎት፣ አባባ" አልኩት።

ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። ይሰድበኛል፣ ስለ ዘሬ ይናገራል፣ እኔም በሩን በፊቱ እዘጋለሁ። እሱ ግን አመነኝ። እጁን አገላብጦ አየ፣ ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየ፣ ከዚያ ከልጄ ፈጠን ብሎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

"ይቅርታ" አለ። "ይቅርታ ልጄ፣ አላየሁትም። አትንኪኝ ፍርፋሪዬ፣ አባባ ቆሻሻ ነው።"

ንጹሕ እጅጌውን በንጹሕ እጁ እያራገፈ ደረጃውን ወረደ።